ሰው የሚመርጥ ኮምፒውተር

ጥቅምት 25

ዛሬም አልተነሳም። የማኅበሩን ኮምፒውተር ማለቴ ነው፤ እኔማ ከዶሮ በፊት ተነስቻለሁ። የንብ አናቢዎች ማኅበራችን ጸሐፊ ሙሉዬ ማብሪያውን ተጫነችው... ዝም። ደገመችው... ዝም። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ግን ምንም እንዳልነበረበት ቦግ ብሎ ነበር። እንዲህ ሲያደርገን ከረመ።

ጥበቃው እኔ ነኝ። የበሩ ቁልፍ ከወገቤ አይለይም። በዚያ ላይ ከማታ ትምህርት አንደኛ ወጥቼ ነው የጨረስኩት። (ሁለተኛ የወጣችው አለሜ በፈተናው ዕለት መነጽሯን ረስታ ነበር። ይህን ለማንም አልተነፈስኩም።) ይህን ነገር እየጻፍኩ እደርስበታለሁ። ሙሉዬን እጠረጥራለሁ። አዲስ ኮምፒውተር እንዳማራት አውቃለሁ።

ጥቅምት 27

መድኃኔዓለም። ቢሮ ዝግ ነው። ብቻዬን። ሣጥኑን አየሁት... ያየኝም መሰለኝ። ማብሪያውን ነካ ባደርገው... ቦግ! እኔ ነኝ የጮህኩት። የሆነ ነገር ጻፍ አለኝ መሰለኝ፤ በእንግሊዝኛ ነው፤ የማታ ትምህርቱ እዚያ አልደረሰም። አጠፋሁት።

ለሙሉዬ እምቢ፣ ለእኔ እሺ። ታዲያ ማን ነው ባለሙያው?

ጥቅምት 28

አፌ መቼ አርፎ ያውቃል? ነገርኳቸው። ሊቀመንበራችን አቶ ደግሰው ቆመው እያዩ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ተጫንኩት። ዝም።

ሙሉዬ ሳቀች። «ጋሽ ምሥጋናው፣ በሕልምዎ ነው የበራው?»

አቶ ደግሰው ግን አልሳቁም። «ለመሆኑ ማን ንካ አለህ?»

«አቧራ ስጠርግ ነው፣ ጌታዬ...»

ደግሞ ሙሉዬ ስትስቅ ወደ ሣጥኑ ጀርባ ነው ያየችው። ለምን?

ኅዳር 3

ኢክሪማ የሚባል ጠጋኝ ከላሊበላ መጣ። የኮምፒውተሩን ሆድ ከፈተ። አቧራውን አራገፈ፣ ሽቦውን ነቀለ፣ መልሶ ሰካ። እምቢ። ጭኖት ሄደ። ዓይኔን ከእጁ አልነቀልኩም። እዚያ ወስዶ ውስጡን ቢቀይረውስ?

ኅዳር 10

መለሰው። «ወላሂ፣ እኔ ሱቅ በተጫንኩት ቁጥር ይነሳል!» አለ። ሰካው። ዝም። ራሱ ኢክሪማ ደነገጠ። «እንግዲህ ችግሩ ከዕቃው አይደለም። ከቤቱ ነው» አለ።

ከቤቱ? በቤቱ ውስጥ ቀንም ሌትም ማን አለ? ሁሉም ዞረው እኔን!

አቶ ደግሰው፦ «ሰው ሲወጣ ጠብቀህ ምን ታደርገዋለህ? እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ቁልፉን ታስረክባለህ።»

ቀልድ ላመጣ ብል አልመጣልኝም። ከዚህ ቢሮ ብወጣ ምን እበላለሁ? መሬቴ እንደሆነ ጥማድ በሬ አያዞርም።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ባለቤቴ ይማርሽ ገና በጠዋቱ ነደደች። «ትናንት ወረፋው ሳይደርሰኝ መሸ፤ ዛሬ ደግሞ ባለወፍጮው ውባንተ በሚካኤል አልፈጭም ብሎ ዘግቷል! ለበዓሉ እንግዳ ጥሬ እህል ላቅርብለት?»

እሷን ሸሽቼ ቢሮ ገባሁ። ጭር ብሏል። እየፈራሁ ተጫንኩት... ቦግ!

ቁጭ አልኩ። በመድኃኔዓለም ተነሳ፣ በሚካኤል ተነሳ። በዘወትር ቀን እምቢ። ሰው ሲያርፍ የሚሠራ ምን ዓይነት ነገር ነው? አማተብኩ። ጠበል ልረጨው ሁሉ አስቤ ነበር።

ከዚያ... ምንድን ነው እንዲህ ጭር ያለው? ወፍጮው! ግድግዳ ለግድግዳ ነን፤ ከመልመዴ የተነሳ ድምፁን አልሰማውም። ዛሬ የለም። በመድኃኔዓለምም አልነበረም። ውባንተ የናፍጣውን ሞተር ጥሎ በመብራት መፍጨት የጀመረው መቼ ነው? መስከረም። ኮምፒውተሩስ መታመም የጀመረው?

ኧረ አንተ ውባንተ!

ኅዳር 13

ወፍጮ ቤት ገባሁ። «ለአንድ አፍታ አቁምልኝ።»

«ለምን?» አለኝ ውባንተ።

«ለኮምፒውተር።»

ሴቶቹ ጆንያቸው ላይ ተደግፈው ሳቁብኝ። አንዷማ «ሊያስፈጨው ይሆናል!» አለች። ውባንተ ተቆጣ፤ «ለዚያ ሣጥን ብዬ ገበያዬን ልዝጋ?»

ይማርሽ ከወረፋው ተነሳች። «አቁምለት እንጂ! ቁልፉን ሊቀሙት ነው እኮ!»

አቆመ። ሮጥኩ። አቶ ደግሰው ቆመው እያዩ ሙሉዬ ተጫነችው። ቦግ! ወፍጮውም መልሶ ተነሳ፤ ኮምፒውተሩ ግን አልጠፋም። አጥፍተን እንደገና ስንሞክር እምቢ። ኢክሪማ ጋ ደወልን። «አብሽር ጋሼ፣ አገኘኸው! ወፍጮው መብራቱን ይስብበታል። ኮምፒውተሩ ጉልበት የሚፈልገው ሲነሳ ነው፤ አንዴ ከተነሳ ይችላል» አለ።

አቶ ደግሰው ይቅርታ አላሉኝም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ቁልፉ እንዳይጠፋብህ» ብለውኝ ወጡ።

የካቲት 3

ኢክሪማ ግዙ ያለን፣ መብራቱን የሚያስተካክለው ዕቃ እስካሁን አልተገዛም። አይገዛ! ጎህ ሲቀድ፣ ወፍጮው ሳይነሳ፣ ኮምፒውተሩን የማስነሳው እኔ ነኝ። ሙሉዬ የይለፍ ቃሉን በጆሮዬ ነግራኛለች። «ጋሽ ምሥጋናው፣ ለእርስዎ ብቻ ነው።» ለእኔ! ስለ እሷ የጻፍኩበትን ገጽ ልቀድደው ነበር... ስለ ራሴ ጥሩ ጥሩ ነገር አለበትና ተውኩት።

የይለፍ ቃሉንም እዚህ ልጽፈው ነበር። እሱንም ተውኩት። ይማርሽ በኅዳር የማታ ትምህርት ገብታለች። ከሰሞኑ ደግሞ ይህ ደብተር ካስቀመጥኩበት ፈቀቅ ብሎ ነው የማገኘው። ትናንት ራት ስታቀርብልኝ ቀና ሳትል፣ «ለመሆኑ የአለሜ መነጽር ተገኘላት?» አለችኝ።