እጄ ላይ ያኖረችው ፎቶ

ልጄ አሪፋ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ የሰው አገር ይመችሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በስልክ ብነግርሽ ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ነው ጽፌ በጎረቤታችን በኡሙሰልማ የላክሁልሽ።

ልጅሽ ሳጂዳ ዛሬም አፍ አልፈታችም፤ ግን አብሽሪ፣ መላ አግኝተናል። አስተማሪዋ መቅዲ «ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከሰማው ያየው ይቀለዋል» ብላ ሥዕል ሰጠችን። መታጠቡ፣ ቁርሱ፣ ጫማው በየተራው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። አባትሽ «ቤቱ ሱቅ መሰለ» እያለ ያጉረመርማል፤ የሚለጥፈው ግን እሱው ነው። ዓሣ ሲያምራት የዓሣውን ሥዕል ነቅላ እጄ ላይ ታኖራለች፤ እኔም ዓሣዋን እሰጣታለሁ። ጩኸቷም ቀንሷል።

እንዳትረሳሽ ብዬ ያንቺንም ፎቶ እዚያው ለጥፌው ነበር። የምሰግደው ወደዚያ ግድግዳ ዞሬ ነውና፣ የሰው ፊት እያየሁ አልሰግድም ብዬ ባለፈው ጁምዓ አንስቼ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ሳጂዳ ቤቱን ስትበረብር ዋለች። አገኘችውና አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው። ከዚያ ልክ ዓሣዋን እንደምትጠብቀው ቆማ ጠበቀችኝ። ምን ልስጣት ልጄ?

ፎቶሽን ሌላው ግድግዳ ላይ መልሼዋለሁ። ሥራሽን ጥለሽ ነይ አልልሽም። ብቻ በየቀኑ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ በቪዲዮ ደውይ፤ አንዲት ደቂቃ ትበቃታለች፣ ሰዓቱን ግን አታዛንፊብኝ። አላህ በሰላም ያገናኘን። ፎቶሽን ስታመጣልኝ እጄ ባዶ አይሁን።

እናትሽ