ለላላ ቆዳ ሜዳልያ ለሚሸልመው ማኅበር

ለተከበሩ የዘር ውሻ አርቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም የሳሎንዎን ግድግዳ በሜዳልያ ለሸፈነልዎ አውራ ውሻዎ ሙሉ ጤንነትን በታላቅ አክብሮት እመኛለሁ። እኔ ከርእሰ መምህርነት በጡረታ የተሰናበትሁ፣ የዚሁ አውራ ልጅ የሆነችውን ሐርን ከማኅበርዎ በውል ተቀብዬ የማሳድግ ሽማግሌ ነኝ። ስሙን ያወጣችላት ባለቤቴ ናት፤ የቆዳዋ ልስላሴ በሽታ ሳይሆን ውበት መስሏት ነበር።

ማኅበርዎ በሐር ገላ ላይ የታየው ጠባሳ ሁሉ የዱላ ውጤት ነው ብሎ ወስኖ ሰኞ እንዳስረክባት ስላዘዘኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. መርማሪዎ ደጃፌን ሳይሻገሩ ደብዳቢነቴን ስለደረሱበት አመሰግናለሁ። ቢገቡ ኖሮ በስፖንጅ የተለበጡትን የጠረጴዛ ማዕዘኖችና ባለቤቴ ከአሮጌ ብርድ ልብስ ለሐር የሰፋችላትን ልብስ አይተው በከንቱ ይደክሙ ነበር። ጎረቤቴ ጡረተኛው ሾፌር፣ ጋሼ በምላሳቸው ይገርፋሉ እንጂ እጃቸውን አንሥተው አያውቁም ብሎ ሊመሰክርልኝ ቢሞክር፣ አንተን ማን ጠየቀህ ተብሎ ስለተመለሰ፣ ምስክርነቱ ከነሽሙጡ ቀርቶብኛል።

2. ሐርን የምታክማት የእንስሳት ሐኪም፣ ቆዳንና መገጣጠሚያን አጥብቆ የሚይዘው የሰውነት ክፍል ከልደት ሲደክም ቆዳ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ እንደ እርጥብ ወረቀት እንደሚቀደድ፣ ሕመሙም ከወላጆች እንደሚወረስ አስረድታ፣ አውራው የዘረ መል ምርመራ እንዲደረግለት ለምናዎት ነበር። ጉንጩን ከውስጥ በጥጥ መጥረግ ብቻ ለሚጠይቀው ለዚህ ልመና፣ የእኔ ውሻ ምርመራው ሜዳልያው ነው ብለው ስለመለሱላት፣ ሳይንስን ከብዙ ልፋት አሳርፈውታል።

3. ዳኞችዎ በውድድር መድረክ ላይ የማጅራት ቆዳ ወደ ላይ እየሳቡ፣ በተለጠጠ መጠን ነጥብ የመጨመር ልማዳቸው ሳይደነቅ አይታለፍም። ምን ጊዜም ከቀይ ከፋይ ካባው የማይለየው አውራዎ፣ አንገቱ ብቻ ተገልጦ ቆዳው እንደ ጃንጥላ ሲዘረጋ አዳራሹ በጭብጨባ ተናውጦ ነበር። ሐኪሟ ደግሞ የሐርን ሕመም የለካችው በዚያው አሳሳብ ነው፤ ልዩነቱ እርሷ ካየች በኋላ አለማጨብጨቧ ነው።

4. የውሳኔው ጽሑፍ ሐርን ከላይ ወንድ፣ ከታች ሴት ስላደረጋት በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መልሻለሁ። ለዚህ እንኳን ምስጋና አያስፈልግም።

5. ይኸንኑ አውራ ከሐር እናት ጋር በዚህ ወር ዳግመኛ ሊያዳቅሉ መሆኑን ሰምቻለሁ። ገና ላልተወለዱት ቡችሎች ከወዲሁ ስፖንጅ እንዲገዙላቸው፣ ወይም፣ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝና፣ ማዳቀሉን እንዲተዉት አሳስባለሁ።

በዚህ ሁሉ ምክንያት ሐርን አላስረክብም። ሰኞ መልእክተኞችዎ ሲመጡ በሩ ክፍት ነው፤ ማዕዘኑ የተለበጠ ወንበርም ይቀርብላቸዋል፤ ውሻዪቱ ግን ከዚህ ቤት አትወጣም። ስትንቀሳቀስ የት እንደምትጎዳ የምናውቀው እኔና ባለቤቴ ነን፤ እናንተ የምታውቁት የት እንደምትለጠጥ ነው።

መልካም ፈቃድዎን ሳልጠብቅ፣ ነገር ግን ለሊቀመንበርነትዎ የሚገባውን አክብሮት አንዲት ፊደል ሳላጎድል፣ እጅ የምነሣው

የሐር አሳዳጊ

ማስታወሻ፦ የሐር የዘረ መል ምርመራ ውጤት ትናንት መጥቶ ሕመሟን አረጋግጧል። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ ይህ ዓይነቱ ሕመም የሚገለጠው ጉድለቱ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ ስለሆነ፣ አውራዎ አፉን ሳይከፍት በልጁ በኩል ተመርምሮ አልቋል። አሁን የቀረው ያን የከፋይ ካባ ማውለቅ ነው። ከሥሩ ጠባሳ ቢገኝ ግን አይሥጉ፤ እኔ እርስዎን ደብዳቢ አልልዎትም።