በደረት የሚታሰረው ማዘያ

ይድረስ ለእህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን፤ የበኩር ልጄም ይጠባል፣ ይተኛል።

እናታችን ያንቺን ሰማያዊ ማዘያ፣ ያንን ልጅሽ እስኪያርፍ አንድ ወር ብቻ ያዘልሽበትን፣ ከሣጥን አውጥታ ልትሰጠኝ ነበር። «እዚያው ይቀመጥ» ብያት ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቋ በጀርባ የሚታዘለውን አነሳችልኝ።

«ልብስ ሰፊ አይደለሽ? ይሄ ለሥራ ይመችሻል።»

«ፊቱ አይታየኝም» አልኳትና በደረት የሚታሰረውን ገዛሁ። ወገቤን ቢቆርጠኝም፣ ስሰፋ ትንፋሹ አንገቴን ይነካኛል።

ትናንት የስፌት መኪናዬ ላይ እንዳለሁ እንቅልፉ ረዘመብኝ። ጉንጩን ነካ ነካ ባደርገው አልነቃ አለ። ሥራዬን ጥዬ፣ ከማዘያው አውጥቼ ስሙን ጠራሁ። ሲያለቅስ ባለቤቴ ሮጦ መጣ።

«ምነው፣ የተኛ ልጅ ይቀሰቀሳል?» ብሎ ተቆጣኝ። እኔ ግን ለቅሶው ጣፈጠኝ።

አንቺ እንደማትቆጪኝ አውቃለሁ። ዓይንሽን በደህና ያሳየኝ።

ታናሽሽ