በራችን ላይ የተሰነቀረችው ፊያት

ወንድም ጋሼ ሹክሪ፣

ስትነሳ ከመንገዱ በር ጋር አትታገል፣ አይከፈትም። የአባባ ፊያት ተደግፋበታለች።

እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። የተሰነጠቀውን መሪ ፈትቼ አዲሱን ልገጥም ስል መሪውን የሚያስረው ዳዶ አምልጦኝ ፍሳሽ ቱቦ ገባ። እጄን ልታጠብ ገባሁ። የእጅ ፍሬኑን አልያዝኩም፤ በሰፈራችን መንገድ የጠበበበት ሁሉ የቆመ መኪና ገፋ አድርጎ ያልፍ የለ? ላሺን የሚባለው ዳቦ አዟሪ ገፋት። መሪ እንደሌላት በምን ይወቅ! ተጣማ ሄዳ በራችን ላይ ተሰነቀረች። በመስኮት ብጮህበት "ልጄ፣ መኪናሽ ቤት ትወዳለች" ብሎኝ እብስ አለ።

ዳዶ ልገዛ ተውፊቂያ መለዋወጫ ገበያ ሄጃለሁ። በጣሪያው ተሻግሬ በጎረቤታችን በኡም ናዲራ ደረጃ ነው የምወርደው። አንተ በዚያ ቦርጭህ እንዳትሞክረው።

ፉሉ ድስቱ ውስጥ አለ። ማሞቅ አያቅትህም።

ሳልነግርህ በመጀመሬ ይቅርታ። ብነግርህማ መልስህን አውቀዋለሁ፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ጀምሮ "መሪው ተሰንጥቋል፣ አትነጂም" ነው። አንተ ግን በዚያው በተሰነጠቀው መሪ ስትነዳት ኖርክ።

አዲሱን መሪ ይዤው ሄጃለሁ።

እስክመለስ አርፈህ ተቀመጥ። "ቤት መቀመጥ ማንን ገደለ?" ትለኝ የለ።

ሚርፋት