ከአሮጌው ክሊኒክ የመጡ ካርዶች

ሰኞ

ዶክተር ዛሬም «ለሁሉም አንድ ፓስወርድ ይበቃል፤ በሽተኛ አቁመን ፓስወርድ ስናስታውስ አንውልም» አሉኝ። አለቃዬ ናቸው፣ አዲሱ ሆስፒታልም የሳቸው ነው። የኮምፒውተሩ ሥራ ግን የኔ ኃላፊነት ነው፤ በዚህ አልሸነፍላቸውም። ሊከፈት አምስት ቀን ቀረው። የቀረኝ፦ የሰርቨሩ ክፍል ማቀዝቀዣ፣ የሁለተኛ ፎቅ ኬብል፣ የባትሪ ሙከራ፣ ይኸው ክርክር።

ከሰዓት የአሮጌው ክሊኒካቸው ካርዶች መጡ። አሥራ አራት ካርቶን። እትዬ አማረችም አብረው መጡ፤ ዕድሜ ልካቸውን እዚያ ካርድ ክፍል የሠሩ ናቸው። ካርዶቹን ወደ ኮምፒውተር እንዲያስገቡ ከጡረታ ተጠርተው ነው። ገና ሲያዩኝ «የወርቅነሽ ልጅ!» ብለው አቀፉኝ።

ካርቶኑን ስከፍት ያ ሽታ መጣ፤ አቧራና አልኮል። ልጅ ሆኜ እማዬ ወደዚያ ክሊኒክ በጋሪ ትወስደኝ ነበር። አግዳሚው ላይ እግሬ መሬት አይደርስም። ስንወጣ ፓስቲ ትገዛልኛለች፤ ዘይቱ በወረቀቱ አልፎ እጄን ያቃጥለኛል። ካረፈች ስድስት ዓመቷ።

ማክሰኞ

ኬብሉ አለቀ። ተመስገን!

እትዬ አማረች ስካን ማድረግ በአንድ ጠዋት ለመዱ። አንድ ካርድ ላይ ግን እጃቸው ቆመ። ገልብጠው አስቀመጡት፤ ዞር ስል ቶሎ ስካን አድርገው ካርቶን ውስጥ ከተቱት። ስሙን አይቼዋለሁ። የእማዬ ነው።

ረቡዕ

በምሳ ሰዓት ማንም አልነበረም። ካርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩት።

እኔን እርጉዝ ሳለች የወጣ የክትትል ካርድ ነው። በሰማያዊ ቀለም እንዲህ ይላል፦ ከዚህ በፊት የወለደችው፣ አንድ። በሕይወት ያለ፣ የለም።

እኔ የመጀመሪያ ልጇ አይደለሁም ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ «በኩሬ» ስትለኝ ኖረች።

ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ

እትዬ አማረችን ጠየቅኳቸው። «ከኔ በፊት ማን ነበር?»

«እኔ ካርድ አወጣለሁ እንጂ አላነብም፣ ልጄ።»

«እትዬ፣ ያውቃሉ እኮ።»

«እናትሽ ልትነግርሽ ብትፈልግ ጊዜ ነበራት» አሉኝ። ተናደድኩ። በኋላ ደግሞ አፈርኩ። ስንት ዓመት ገበያ ላይም ቸርች ላይም ተገናኝተናል፤ ምስጢሯ አንድ ቀን እንኳ ፊታቸው ላይ አልተነበበም።

ሲስተሙ ማን የማንን ካርድ እንደከፈተ ይመዘግባል፤ እንዲመዘግብ ያደረግኩት ራሴ ነኝ። ዝርዝሩን አትሜ ለዶክተር ወሰድኩ። «ትናንት ያለ ሥራዬ የእናቴን ካርድ ከፍቼ አንብቤያለሁ። ስሜ ይኸው። በአንድ ፓስወርድ ብንገባ ኖሮ ማን እንደከፈተው አያውቁም ነበር።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ያባርሩኛል ብዬ ነበር። «ፓስወርዱን ለየሰዉ አድርጊው» አሉ። «አንቺስ?»

«እኔ ማሽኑን ብቻ ነው የማየው፤ ካርዶቹን በራሴ ላይ እዘጋለሁ።»

ዓርብ

ካርዶቹን በራሴ ላይ ዘጋሁ። ከመዝጋቴ በፊት የእማዬን ካርድ አንዴ ልየው አልኩና ተውኩት። ከባድ ነበር።

ማቀዝቀዣው ይሠራል። የባትሪው ሙከራ ሁለቴ ወደቀ፣ በሦስተኛው አለፈ። አንዲት ነርስ ፓስወርዷን ወረቀት ላይ ጽፋ ስክሪኑ ላይ ለጥፋለች! ቀደድኩባት። ተቆጣች፤ ቆይታ ግን ሳቀች።

ቅዳሜ

ተከፈተ። ከሰፈሩ ግማሹ ሰው የመጣ ይመስላል። አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ባትሪው ያዘ፣ ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ አንድም ኮምፒውተር አልጠፋም። ከኔ በቀር ያወቀ የለም። እንዲህ ያለ ደስታ ለማን ይነገራል?

ወደ ማታ ይርጋለም ከተማ ለምትኖረው አክስቴ ደወልኩ። ከእማዬ ጋር አብራ ያደገች እሷ ናት። ድምፅዋ የእማዬ ድምፅ ሆኖብኝ ሰላም ማለቱን ረሳሁት።

«ምነው፣ ደህና አይደለሽም?»

«ደህና ነኝ። ነገ ከቸርች በኋላ ልመጣ ነው።»

«ነይ፣ ቆጮውን በቅቤ አሽቼ ቡርሳሜ ሠርቼ እጠብቅሻለሁ» አለችኝ። ለምን እንደምመጣ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት። ልጠይቃት አልጠይቃት ገና አልወሰንኩም። ካልነገረችኝ አልነዘንዛትም። የዚያን ልጅ ስም ብቻ ባውቀው ግን ደስ ይለኛል።