የአቶ ሰውአገኝ መለሰ የሕይወት ታሪክና የትክል ድንጋዩ ወፍጮ

አቶ ሰውአገኝ መለሰ ከአባታቸው ከአቶ መለሰ ካሳዬና ከእናታቸው ከወ/ሮ ባንቺአየሁ ተሰማ፣ ከድብ ባሕር ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ሐምሌ 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤተሰቡ አራሽ ነበር፤ እርሳቸው ግን ከሞፈሩ ይልቅ መፍቻ ይቀናቸው ነበር። በዘጠኝ ዓመታቸው የጎረቤት ሬዲዮ ፈትተው መልሶ መግጠም አቅቷቸው የቀመሱትን ልምጭ እስከ ሽምግልናቸው ድረስ እየሳቁ ያወሩት ነበር።

እስከ ስምንተኛ ክፍል በተወለዱበት አካባቢና በደባርቅ ከተማሩ በኋላ በ1972 ዓ.ም. ጎንደር መጥተው አጎታቸው ቤት ተቀመጡ። ማታ እየተማሩ፣ ቀን ከአንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋር ቤት ለቤት እየዞሩ ሙያውን ቀሰሙ። ቀጥሎም በአንድ የዱቄት ፋብሪካ በጥገና ሠራተኛነት ሠርተዋል። በ1982 ዓ.ም. ከወ/ሮ ፍቅርተማርያም አየለ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ መሥርተው ሄለንንና አቢን አፍርተዋል።

በ1986 ዓ.ም. ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ሥራቸው ከሚፈርሱ ሆቴሎችና መጋዘኖች የወጣ አሮጌ ብሬከር ገዝቶ፣ አድሶ መሸጥ ነበር። ለማታውቁት፣ ብሬከር ማለት መስመር ሲጋጭ ወይም ኃይል ሲበዛ ራሱ ጥሎ መብራቱን የሚያቋርጥ፣ ቤትን ከቃጠሎ የሚጠብቅ ዕቃ ነው። አቶ ሰውአገኝ እያንዳንዱን ብሬከር ከኤሌክትሪክ ምድጃዎች ጋር አገናኝተው ከአቅሙ በላይ ይጭኑበታል። ከጣለ ይሸጣል። ካልጣለ በመዶሻ ይሰበርና መዳቡም፣ ውስጡ ያለችው ትንሽ ብርም ለአንጥረኛ ይሄዳሉ። በዚህ ጥንቃቄያቸው ከአዲ አርቃይ ድረስ ደንበኛ ይመጣላቸው ነበር።

ዕቃውን የምታጸዳላቸው ታናሽ እህታቸው እቴነሽ መለሰ ነበረች፤ ይህን ታሪክ የጻፈችውም እርሷ ናት። እቴነሽ አቧራውን በብሩሽ ካራገፈች በኋላ፣ እጀታው እንዲለሰልስና ገዢ ደስ እንዲለው፣ በስንጥቁ በኩል የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ታደርግበት ነበር። ዘይት ውስጥ ገብቶ ከአቧራ ጋር እንደሚጋገር አታውቅም። ወንድሟ ግን ያውቃሉ። ቢሆንም ሙከራው ስለሚለየው «ሸጋ አድርገሽዋል» ይሏት ነበር እንጂ ተይ አላሏትም።

በ2009 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን አንድ የትክል ድንጋይ ከተማ ባለ ወፍጮ፣ ወፍጮውን ከሚያንቀሳቅሱላቸው ከአቶ ምንይችል ጋር ወደ ሱቁ መጡ። የፈለጉት ባለ ሦስት መስመር ብሬከር ነበር። የተገኘው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም እቴነሽ ገና ትናንት አጽድታ ዘይት ያደረገችበት ነው። ቀኑን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ስለዋለ መሞከር አልተቻለም፤ ባለ ወፍጮው ደግሞ መኪና ሊያመልጣቸው ነው። አቶ ሰውአገኝ እጀታውን ሁለቴ ከፍ ዝቅ አድርገው አሳዩና ሊጠቀልሉት ወረቀት አነሡ።

አቶ ምንይችል «አያ ሰውአገኝ፣ ምነው ሳይሞከር?» አሏቸው።

እርሳቸውም «ትናንት ሞክሬዋለሁ» ብለው መለሱ። አልሞከሩትም ነበር። እቴነሽ አጠገባቸው ቆማለች።

በመጋቢት ወር የወፍጮው ሞተር እህል በዝቶበት ነክሶ ቆመ። ብሬከሩ አልጣለም። ሽቦው ግሎ ነደደ፤ ወፍጮ ቤቱም የሠላሳ አባወራ እህል እንደያዘ ተቃጠለ። የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ አቶ ምንይችል ግን ጆንያ ሊያወጡ ገብተው ቀኝ እጃቸው ጉዳት ደረሰበት።

አንዳንድ የወፍጮ ሠራተኛ ሥራው እንዳይቆራረጥበት የብሬከሩን እጀታ በሽቦ አስሮ እንዳይጥል ያደርጋል። ጉዳዩን የያዙት ሽማግሌዎችም አቶ ምንይችልን የጠረጠሩት በዚህ ነው። ዐዋቂ ይጠየቅ ተብሎ አቶ ሰውአገኝ ተጠሩ። አገር በተሰበሰበበት ቆመው «የእኔ ዕቃ ካልታሰረ በቀር ሳይጥል አይቀርም» አሉ። ሽማግሌዎቹ አመኗቸው፤ ለምን አያምኗቸው? አቶ ምንይችል ጥንድ በሬዎቻቸውን ለካሳ ሰጡ። «ወፍጮ አቃጣዩ» የሚል ስም ወጣላቸውና የሚቀጥራቸው ጠፍቶ፣ በተጎዳ እጃቸው ለቀን ሥራ ወደ መተማ ወረዱ።

አቶ ሰውአገኝ የተቃጠለውን ብሬከር ይዘው ተመልሰው ሱቅ ውስጥ ከእህታቸው ፊት ፈቱት። ዘይቱ ከአቧራው ጋር ከስሎ፣ መውረድ የነበረበትን ምላስ እንደ ሙጫ ይዞታል። እጀታው ላይ የሽቦ ምልክት አልነበረም። ወንድምና እህት ተያዩ፤ ሁለቱም አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሱቁን ዘግተው ወደ ቤት ሄዱ። ያ ዝምታ ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ቆየ።

በሳምንቱ የቀራቸውን ብሬከር በሙሉ በመዶሻ ሰበሩ። ጎረቤት ከሰረ አለ። ከዚያ ወዲህ ምድጃና ካውያ ሲጠግኑ ኖሩ። ትክል ድንጋይ ሦስት ጊዜ ሄደዋል፤ ሁለቱን ከመናኸሪያው ተመለሱ። በሦስተኛው አቶ ምንይችል ደጅ ደረሱ፤ ባለቤታቸው ብቅ ሲሉ ግን ውኃ ለምነው፣ ጠጥተው፣ አመስግነው ተመለሱ። 

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ለንስሐ አባታቸው ተናዝዘው፣ የበደሉትን ሰው ራሱን ይቅርታ እንዲጠይቁ ታዘዙ፤ ነገር ግን መቆም አቅቷቸው ነበር። እህታቸውን አስጠርተው «በቀብሬ ላይ ይነበብ። የዋሸሁት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ነው፤ እውነቱም እንዲሁ ይነገር» ብለው አደራ ሰጧት። ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይ በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

እቴነሽ በመጀመሪያ የጻፈችው ሌላ ነበር። እዚያ ውስጥ ወፍጮም፣ ዘይትም የለም፤ «ታማኝ ነጋዴ» የሚል ግን ሁለት ቦታ አለ። ለሟች ክብር አስባ ነው እንዳትባል፣ ለራሷም ፈርታ ነው። ወ/ሮ ፍቅርተማርያም አንብበው ወረቀቱን መለሱላትና «የተቀበልሽው አደራስ የት አለ?» አሏት። አፍራ እንደገና ጻፈችው።

አቢ ትናንት ትክል ድንጋይ ሄዶ ከመተማ የተመለሱትን አቶ ምንይችልን አገኛቸውና ሁሉን ነገራቸው። እርሳቸውም አብረውት ወደ ቀብሩ መጡ። ይቅር ማለት አለማለታቸውን አልተናገሩም፤ ቤተሰቡም አልጠየቃቸውም። የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስሜን ከነአያቴ ጥሩት። ሲፈርዱብኝ እንዲያ ነበር የተጠራሁት።»

አቶ ሰውአገኝ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ፍቅርተማርያምን፣ ልጆቻቸውን ሄለንንና አቢን፣ የልጅ ልጃቸውን ሶሊያናን፣ እህታቸውን እቴነሽንም በሕይወት ትተው ሄደዋል።

ባለ ወፍጮውና ከሽማግሌዎቹም ሁለቱ እዚህ ቆመዋልና፣ አፈሩ ሳይመለስ ሁላችሁም ስሙ። አቶ ምንይችል ታደለ ወርቅነህ ብሬከሩን አላሰሩም። የዋሹት አቶ ሰውአገኝ መለሰ ካሳዬ ናቸው። እያወቀች ዝም ያለችው እቴነሽ መለሰ ካሳዬ ናት።

የእውነት አምላክ የወንድማችንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል፤ ለአቶ ምንይችልም የተቀማ ስማቸውን በአገራቸው መካከል ይመልስላቸው። አሜን።