ከአልጋ መነሣት ለማይችሉ ሕሙማን በሦስተኛ ፎቅ ስለተሰጠው ትምህርት

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብሁ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የሚመች፣ እንቅልፍዎም በፈቀዱት ጎን የሚገላበጡበት እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻው ምኞቴ እንግዳ ቢሆንብዎ አይፍረዱብኝ፤ መገላበጥ ምን ያህል ጸጋ እንደ ሆነ የተማርሁት እርስዎ በሚመሩት ሆስፒታል ነው።

እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ ታላቅ እኅቴ ነው፤ እናታችን ስትሞት እኛን ወንድሞቿን ያሳደገች፣ ዘመዱም ጎረቤቱም «እታለም» እያለ የሚጠራት ሴት ናት። የታጠበ ልብስ ልታሰጣ ስትወርድ ከደረጃ ወድቃ የጭን አጥንቷ ተሰበረና ወደ እናንተ አመጣናት። ቀዶ ሕክምናው ያማረ ነበር፤ እዚህ ላይ ሽሙጥ የለብኝም፣ የሐኪሙን እጅ ይባርከው። ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ምክሩ አመሰግናለሁ። ሐኪሙ ከክፍሉ ሲወጡ «እንዳትንቀሳቀሺ» አሏት። እግሯን ማለታቸው ነበር። እታለም ግን የታዘዘችውን አክብራ የኖረች ሰው ናትና ትእዛዙን ለሁለመናዋ አደረገችው፤ በጀርባዋ እንደ ተንጋለለች ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ሰነበተች። «እግርሽን ነው እንጂ ጎንሽንስ እናዙርልሽ» የሚላት አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሙገሳው አመሰግናለሁ። ነርሶቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ውስጥ እግራቸው እስኪነቃ ሲሮጡ ስላየሁ በእነርሱ አልፈርድም። «እንደ እርሷ ያለ ጨዋ ታማሚ አይተን አናውቅም፤ አንድ ቀን እንኳ ጠርታን አታውቅም» ሲሉኝ ደረቴ በኩራት ተነፋ። ትራሷን ሳስተካክልላት ግን ፊቷ ጭምድድ ሲል አየሁና «ምነው እታለም፣ ያምሻል እንዴ?» አልኋት። «ኧረ ደህና ነኝ። ከበስተኋላዬ ትንሽ ይለበልበኛል፤ ተኝቶ የማይለበለብ ማን አለ? በል ሂድ፣ ሥራህ እንዳይረፍድብህ» አለችኝ። አንዷን ነርስ ብጠይቃት «ዶክተሩ ሲመጡ ንገራቸው» አለችኝ። ዶክተሩ ሲመጡ ግን ጠያቂ ሁሉ ይውጣ ተብሎ እኔ ከግቢ ውጭ ነበርሁ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ፣ ከሁሉም የላቀው፣ ስለ ትምህርቱ ነው። አንድ ጠዋት በድምፅ ማጉያ «የአልጋ ቁስልን ስለ መከላከል ትምህርት ስለሚሰጥ፣ ከአልጋ መነሣት የማይችሉ ሕሙማን በሙሉ ሦስተኛ ፎቅ አዳራሽ እንዲገኙ» ተባለ። ሊፍቱ ተበላሽቷል። እታለም ስብራቷ እስኪያማት ሳቀችና «በል አንተ ሂድልኝ፤ ንቄ የቀረሁ እንዳይመስላቸው» አለችኝ።

ሄድሁ። በአዳራሹ ጥርሱን ሊነቀል ተራ የሚጠብቅ ጎልማሳ፣ ለክትትል የመጡ ነፍሰ ጡሮችና እንደ እኔ ያለ አስታማሚ ተቀምጠናል፤ ሁላችንም፣ ተመስገን፣ በእግራችን የመጣን ነን። የእርስዎ የመክፈቻ ንግግር ረዥምና ግሩም ነበር። ከዚያ አስተማሪዋ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውን ግድግዳ ላይ እያበራች ታነብልን ጀመር። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ሁሉም ደግ ነው፤ እኛ ምን እናድርግ?» አሏት። ልጅቷ አፈረችና ወረቀቷን አስቀምጣ እንዲህ አለች፦ «በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን ለውጡላቸው። መቀመጫቸውንና ተረከዛቸውን እዩ። እርጥብ አንሶላ ላይ አታስተኟቸው። ቆዳቸው ከቀላ ወይም ከለበለባቸው፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ተናገሩ።» ይኸው ነው። ጉሮሮ ለማርጠብ ከሚበቃ ጊዜ በላይ አልፈጀባትም።

«ከለበለባቸው» የምትለዋን ቃል ስሰማ ከወንበሬ ተነሣሁ። ደረጃውን እንዴት እንደ ወረድሁት አላውቅም። የዕለቱን ተረኛ ሲስተር እጇን ይዤ አመጣኋት፤ በእግሮቿ መካከል ትራስ አድርገን እታለምን በጥንቃቄ በጎኗ አዞርናት። ሲስተር ልብሷን ገለጥ አደረገች። መቀመጫዋ ላይ ያለውን ቁስል እኔም አየሁ። ዙሪያው ጠቁሯል፤ መሐሉ ተከፍቶ ውስጡ ይታያል። «ምነው እትዬ፣ ለምን አልነገሩኝም?» ስትል ሲስተር እንባዋ መጣ። እታለም ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች «እናንተን እንዳላስቸግር ብዬ ነዋ» አለች።

የተሰበረው አጥንት በጊዜው ገጠመ። ያልተሰበረው ገላዋ ግን ዛሬም አልዳነም። ለቁስሉ ሲባል እንደ ገና ቢላ ገብቶባታል፤ ወንበር ላይ መቀመጥ አትችልም፤ እንግዳ ሲመጣ በጎኗ እንደ ተኛች ትቀበላለች። ወንድሞቿ ተራ ገብተን እናዞራታለን፤ ባዞርናት ቁጥር «አደከምኋችሁ» ትላለች። ያሳደገችንን ሴት ይህን ቃል ማስተው አቅቶናል።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፦ እነዚያ አራት አጫጭር ምክሮች ታማሚው በተኛበት ቀን፣ አልጋው አጠገብ፣ በሚገባው ቋንቋ ይነገሩት። ማስቸገር መብቱ እንደ ሆነም ይጨመርለት። አዳራሹ ለስብሰባዎ ይቆይልዎ።

ጎንበስ ብለው አንድ አልጋ እስኪያዩ ድረስ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣
የእታለም ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለጸሐፊዎ ላደርስ ስመጣ ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት ሰው ኮሪደሩ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ሚስቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ ዝንብ ስትከላከልለት አየሁ። የነገራት አልነበረምና እኔ ነገርኋት፤ ተጋግዘንም በቀኝ ጎኑ አስተኛነው። ወዲያው የጥበቃ ሠራተኛው ያለ ፈቃድ ሕሙማንን ማስተማር ክልክል መሆኑን በትሕትና አስረድቶ አስወጣኝ። ደንብ ደንብ ነው፣ አልከራከርም። ብቻ ሰውየው በጎኑ ከተኛ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ነው፤ ሚስቱም ለብቻዋ አትችለውምና የሚያዞረው ሰው ይላኩ፤ ሰው ከጠፋም እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።